ቁልፉ የተዛባ ሸሚዝ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቀበሌ ቤት፣ ከባሌ ከሰይፉና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንኖር ነበር። ሰይፉ ልብስ ሰፊ ነው። የእግር ስፌት መኪናው መስኮታችን ሥር ስለምትቀመጥ ቤታችንም ሱቃችንም አንድ ነበር። እሱ ይሰፋል፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ደግሞም ሜትር እይዛለሁ።

ሜትሩን ለምን እንደምይዝ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ግን ሳልነግራችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሴት ደንበኛ ስትመጣ የምለካት እኔ ነኝ። ሰይፉ ከመኪናው ሳይነሳ እኔ የምጠራለትን ቁጥር ይሰማል። ጎረቤቴ ዘሃራ፣ ጨርቅ የምትነግድ የወሎ ልጅ፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት “አይ ጥሩዬ! ይሄ ምስኪን ባልሽ እኮ የሴት ወገብ የሚያውቀው በወሬ ነው” ብላ ግቢውን በሳቅ ገደለችው። ሰይፉም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ሜትሩን አልለቀቅሁም።

ቀናተኛ ነበርኩ። ምክንያት ሰጥቶኝ አይደለም። እንዲያውም የሰፈሩ ሴቶች ባሎቻቸውን ሲቆጡ “ሰይፉን አታይም?” የሚሉለት ሰው ነበር። ብርቱካን ገዝቶ ሲገባ ልጦ አራት ቦታ ይከፍላታል፤ ትንሿን ለራሱ ያነሳል። ከደንበኛ ጨርቅ ቁራጭ ከተረፈ ለልጆቹ ቁምጣና ቀሚስ ያወጣበታል። መጠጥ አይወድ፣ ማምሸት አያውቅ። አንድ ሱስ ብቻ ነበረው፤ ኳስ።

ሬዲዮኑ የሚቀመጠው መኪናው ላይ ነው። ጨዋታ ሲተላለፍ እየሰማ ይሰፋል። ኳሱ ወደ ጎል ሲጠጋ እግሩ ይፈጥናል፤ እግሩ ሲፈጥን መኪናዋ ትሮጣለች፤ መኪናዋ ስትሮጥ ስፌቱ ጥቅጥቅ ብሎ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔ ከሰፋው ልብስ ላይ የትኛው መስመር ጎል ሲገባ እንደተሰፋ ለይቼ አውቅ ነበር። ደንበኞቹም ለምደውት “ሰይፉ፣ የኔን ሱሪ ጨዋታ በሌለበት ቀን ስፋልኝ” ይሉታል።

መጫወትም ይወድ ነበር። እሁድ እሁድ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ከሰንጋ ተራ ወረድ ብሎ ወደነበረው አቧራማ ሜዳ ይሄዳል። እዚያ የጤና ቡድን ነበራቸው፤ ቦርጭ ያወጡ የልጆች አባቶች የሚራገጡበት። አንድ እሁድ እግሩን ተሰብሮ በሰው ትከሻ ቤት ገባ። ስንት ወር መኪናዋ ቆመች። ቤታችን የሚበላው በዚያ እግር እንደሆነ አስቡት። ጀሶው የተፈታለት ቀን ፊቱ ቁጭ ብዬ እንዲህ አልኩት።

“ሰይፉ፣ ይሄ እግር የኳስ አይደለም፤ የልጆቼ ነው። ከእንግዲህ ሜዳ ውስጥ ገባ ሲሉኝ ብሰማ፣ እኔን እዚህ ቤት አታገኘኝም።”

ጎንበስ ብሎ የቀጠነ እግሩን እያሸ “እሺ ጥሩዬ። ዳር ቆሜ አያለሁ” አለኝ። ይህን ያልኩት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብሆን እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ እሁድ ሲሄድ በኮትና በሸሚዝ፣ ጫማውን ቀብቶ ነው። ሲመለስም እንደዚያው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ሽሮ አቁላልቼ ሳልጨርስ ወርቁ መጣ። ወርቁ የጤና ቡድኑ አምበል ነው፤ ግዙፍ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሁልጊዜ ቀልደኛ። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል።

“ጥሩዬ፣ ነጠላሽን ያዢና ነይ። ሰይፉን ትንሽ አሞት ሆስፒታል ወስደነዋል።”

“ምን ሆነ?”

“ዳር ተቀምጦ ሲያይ አዞረው። ትንሽ ነው፤ ነይ።”

እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛ አገር “ትንሽ” ከተባለ ትልቅ ነው። ታክሲ ውስጥ ሁለቴ ጠየቅሁት፤ ሁለቴም መስኮቱን እያየ መለሰልኝ። ሆስፒታል ስንደርስ የቡድኑ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። ያኔ ገባኝ።

ጮህኩ፣ ወደቅሁ፣ አነሱኝ። ያን አልተርክላችሁም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። የምተርክላችሁ አንሶላውን ገልጠው ሲያሳዩኝ ያየሁትን ነው።

ሸሚዙ ተዛብቶ ተቆልፎ ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ በሦስተኛው ቀዳዳ፣ ሦስተኛው በአራተኛው፤ ኮሌታው አንዱ ወገን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል። የውስጥ ካናቴራው ደግሞ ተገልብጦ ስፌቱ ወደ ውጭ ወጥቷል። ያን ሸሚዝ የሰፋው እሱ ነው፤ ቁልፎቹን የተከልኩት እኔ። ጠዋት ለቅዳሴ ሲወጣ መስታወት ፊት ቆሞ ከላይ እስከ ታች ሲቆልፍ አይቼዋለሁ። ሰይፉ የሰው ሸሚዝ ተዛብቶ ሲያይ መንገድ ላይ አስቁሞ የሚያስተካክል ሰው ነው።

እጁን አነሳሁ። የቃል ኪዳን ቀለበቱ የለም። ስንጋባ ካጠለቀው ወዲህ፣ እንኳን ለሥራ፣ ሳሙና ሲነካ እንኳ የማያወልቀው ቀለበት። ጣቱ ላይ ነጭ መስመሩ ብቻ ቀርቷል።

በዚያች ደቂቃ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኀዘኔ ቆመ። በቦታው ሌላ ነገር ተቀመጠ። ባሌ ዛሬ ጠዋት የሆነ ቦታ ልብሱን አውልቋል። ቀለበቱን አውልቋል። ከዚያ ደግሞ የችኮላ እጅ አልብሶታል። የማን እጅ?

ቤት ስገባ ድንኳን ተጥሏል፤ የእድሩ ወንበሮች እየወረዱ ነው። የሰይፉ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ደረት እየመቱ ደረሱ። ወንድማቸውን እንደ ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እኔን አቅፈው ሲያለቅሱ እንባ አጣሁ። ሰው ሁሉ “ደንግጣ ነው፣ ውኃ ስጧት” ይላል። ዘሃራ ብቻ ጠጋ ብላ በጆሮዬ “ምን አየሽ?” አለችኝ። ነገርኳት። “በዚህ ሰዓት የቁልፍ ነገር ማሰብሽ” አለች።

“አንቺ ብትሆኚስ?”

“እኔማ ቁልፉን ሳይሆን ቆላፊዋን ነበር የማስበው” አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወዲያው ደነገጠች፤ ልታስቀን ያለችው ነገር ሁለታችንንም ወጋን።

ሰኞ ጠዋት እትዬ አስካለ በጥቁር የተነከረ ቀሚስ ይዘውልኝ መጡ። “ልበሺ ልጄ፣ ሰው መጥቷል።”

“ነገ እለብሳለሁ” አልኩ።

“ምን ማለት ነው ነገ? ባልሽ ዛሬ ነው የሚቀበረው!”

“ነገ አልኩ እትዬ።”

አፍጥጠው አዩኝ። በግራጫ ቀሚሴ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። በልቤ የነበረውን ለእሳቸው እንዴት ልንገራቸው? ለሌላ ሴት ልብሱን ላወለቀ ሰው ዓመት ሙሉ ከል ልለብስ? የእኔ እንደነበረ ሳላውቅ በእሱ ስም ልጥቆር? ጥያቄዬ ያ ብቻ ነበር። የእኔ ነበር ወይ?

ልደታ ማርያም ግቢ ፍትሐቱ አልቆ የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ጀመሩ። “...አቶ ሰይፉ ቤተሰቡን አፍቃሪ፣ ትዳሩን አክባሪ፣ የስፖርት ወዳድ...” ሲሉ ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ “ትዳሩን አክባሪ” የሚለውን ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ቀና አልኩ። ያኔ ነው ያየኋት።

ከሕዝቡ ራቅ ብላ፣ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ከራሷ እስከ እግሯ ከል ለብሳለች፤ ቀሚስ ጥቁር፣ ሻሽ ጥቁር፣ ነጠላ ጥቁር። በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ቀይ፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት። አላውቃትም። ለጎረቤት ማንም ከል አይለብስም። ለሩቅ ዘመድም ነጠላ ማዘቅዘቅ ይበቃል። ከላይ እስከ ታች የሚጠቁሩት እናት፣ እህት፣ ሚስት ናቸው። እናቱ የሉም። እህቱ አጠገቤ ናቸው።

የባሰው ግን ገና ነው የሚመጣው። ግብዓተ መሬቱ ካለቀ በኋላ ከሩቅ የመጡ ሁለት አዛውንት፣ ጨርቃቸውን በሰው እጅ የሚልኩ የሰይፉ ደንበኞች፣ ሰውን እየቀዘፉ መጡ። በግራጫ ቀሚስ የቆምኩትን እኔን አለፉኝ። ቀጥ ብለው ወደ ዛፏ ሄዱና በሁለት እጃቸው የዚያችን ሴት እጅ ይዘው “እግዜር ያጥናሽ ልጄ፤ ልጆቹን ያሳድግልሽ” አሏት።

ሴትዮዋ ደንግጣ ራሷን ነቀነቀች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ወርቁ ሮጦ ሄዶ አንድ ነገር በጆሮዋ ነገራት፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ በኋለኛው በር ወጣች።

እትዬ አስካለም አይተዋል። ክንዴን ጨምቀው “ማናት ይቺ?” አሉ።

“እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ! ወንድምዎ አይደለም?”

የእሳቸውን ፊት ዛሬም አልረሳውም። በአንድ ጊዜ ሁለት ሞት የሰማ ሰው ፊት ነበር።

ማክሰኞ ወርቁ ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲያስተካክል ጠርቼ ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

“ወርቁ፣ ያቺ ከል የለበሰችው ሴት ማን ናት?”

“የቷ?”

“በጆሮዋ ያወራሃት።”

“እ... አላውቃትም እኮ። መንገድ ጠይቃኝ ነው።”

“መቃብር ቦታ መንገድ?”

ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫረ። “ጥሩዬ፣ አሁን እሱን ተይው። ሁሉም በጊዜው ነው።”

“ሰይፉ ሲወድቅ ዳር ተቀምጦ ነበር ያልከኝ?”

“አዎ።”

“በሸሚዝና በኮት?”

“አዎ... በኮት።”

“ቀለበቱስ?”

ዓይኑ ፈጠጠ፤ ስለ ቀለበቱ በእርግጥ አያውቅም ነበር። “ቀለበት? የምን ቀለበት?” አለ። ድንጋጤው እውነተኛ መሆኑ ይብሱን አነደደኝ። ወዳጁ የማያውቀው ነገር ማን እጅ ገባ? ገብቼ መኪናዋ ፊት ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው ደጅ ንፍሮ ይቆረጥማል፤ እኔ የምቆረጥመው ሌላ ነው። ያቺ ሴት ቀለበቱን ጣቷ ላይ አድርጋ ስታየው ይታየኛል። ሸሚዙን ስትቆልፍ ጣቶቿ ይታዩኛል። እኔ ስንት ጊዜ ነው ለዚያ ሰው ቁልፍ የተከልኩት? ቆላፊዋ ግን ሌላ። ቅናትን ሞት አያቆመውም፤ ሰውየው ከመሬት በታች ሆኖም እየተነጠቅሁ ነበር። እንዲያውም በሕይወት ቢኖር ጮኼበት፣ አልቅሼበት፣ ይወጣልኝ ነበር። ሬሳ አይመልስም።

ዘሃራ ሻይ ይዛልኝ ገባች። “አንድ ነገር ልንገርሽ። ትናንት ስትወጣ በአጠገቤ ነው ያለፈችው። ጥቁሩ አዲስ አይደለም።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ጨርቅ ነው የምነግደው ጥሩዬ። ትከሻው ላይ ፀሐይ በልቶት ቡናማ ሆኗል። ለሰይፉ የተነከረ ከል ቢሆን እጅ ያቀልም ነበር።”

“ታዲያ ከድሮም ጥቁር ትወድ ይሆናላ!” ብዬ ጮህኩባት። ቅናት የያዘው ሰው እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ሲሰጡት ይቆጣል።

ሰልስቱ ረቡዕ ዋለ። እንግዳው በዝቶ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ረፋዱ ላይ በሩ አካባቢ ጉምጉምታ ተነሳና ሰው ወደ ሁለት ተከፈለ። ያቺው ሴት። በደረቷ ላይ የታጠፈ ነገር የያዘ ፌስታል አቅፋለች።

እትዬ አስካለ ከፍራሹ ዘለው ተነሱና በሩን በሁለት እጃቸው ዘጉት።

“ምን ልትሠሪ መጣሽ?”

“ለእሳቸው... ለባለቤቱ የምሰጠው ነገር አለኝ እማማ።”

“እማማ አትበይኝ! የሰው ቤት አፍርሰሽ ስታበቂ ደግሞ ኀዘን ልትካፈይ መጣሽ? እፍረት የለሽም?”

ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ሰገገ። ከወዲያ በኩል የቡድኑ ሰዎች ከተቀመጡበት ወርቁ ብድግ ብሎ “የሺ! ምን አልኩሽ? ከአርባው በኋላ አላልኩሽም?” አለ።

ስሟን ያውቃል! ትናንት “አላውቃትም” ያለኝ ሰው።

ሴትዮዋ እንባዋ እየወረደ “አልቻልኩማ ወርቁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰው ነገር እጄ ላይ ነው” አለች።

“ትግባ” አልኩ። የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም። “ወደ ቤት ትግባ። እትዬም ይግቡ። አንተም ወርቁ። ዘሃራ፣ በሩን ዝጊልኝ።”

መኪናዋ ባለችበት ክፍል ቆምን፤ የሚቀመጥ የለም። የሺ ፌስታሉን ፈታች። ያወጣችው ማልያ ነው። ሰማያዊ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፏል። ጀርባው ላይ አራት ቁጥር ተሰፍቶበታል።

ወስጄ ዘረጋሁት። ማንም ምንም ሳይነግረኝ የማን ስፌት እንደሆነ አወቅሁ። የአራት ቁጥሯ ጠርዝ መሃል ላይ ጥቅጥቅ ብላ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ሬዲዮ እየሰማ የሰፋው ነው።

“ማን አጠበው?”

“እኔ።”

“ከላዩ ላይስ ማን አወለቀው?”

ቀና ብላ አየችኝ። “እኔና ወርቁ ነን እህቴ። ሸሚዙን የቆለፍኩትም እኔ ነኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።”

እትዬ አስካለ “ወይኔ ወንድሜ!” ብለው ግድግዳውን ተደገፉ።

“ለምን?” አልኩ። “የት?”

“ሜዳው ላይ ነዋ” አለች፤ የማላውቅ መሆኔ ገርሟት። ወደ ወርቁ ዞረች። “እስከ ዛሬ ምንም አልነገራችኋትም? ምን መስሏት ነው የሰነበተችው?”

ወርቁ ኮፍያውን እንደገና ማዞር ጀመረ። የሺ ግን አልጠበቀችውም፤ እሷው ነገረችኝ። ሜዳው ጠርዝ ላይ ሻይ ቤት አላት። ቡድኑ ልብሱን የሚቀይረው በእሷ ጓዳ ነው፤ ማልያዎቹንም የምታጥበው እሷ ናት። ባሏ የቡድኑ በረኛ ነበር። ባለፈው ዓመት ታሞ ሞተ። ከሉ የእሱ ነው፤ ዓመቱ ገና አልሞላም። ባሏ ሲሞት ከተጫዋቾቹ አንዱ ወደ ጎል ገባና ቡድኑ አንድ ሰው ጎደለው። ሰይፉ ዳር በኮቱ ቆሞ ነበር። “ለዛሬ ብቻ” ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ሁሉ “ለዛሬ ብቻ” ሆነ።

“ሲወድቅ እየተጫወተ ነበር” አለች። “ነርስ የሆነ ጓደኛቸው ደረቱን ሲጫን ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ‘አበቃ’ አለ። ያኔ ወርቁ ‘በማልያ ሆኖ ሚስቱ ታየዋለች? ቃል ገብቶላት ነበር፤ ተቆጥታ ነው የምትሸኘው’ አለ። ልብሱን ከጓዳ አመጣሁ። አለበስነው።”

ወርቁ አሁን ተነፈሰ። “እንደ መርዶ ነው ያየነው ጥሩዬ። መርዶ እንደመጣ ይወረወራል? ሰው ይሰበሰባል፣ ጊዜ ይጠበቃል፣ ይለሳለሳል። ከአርባው በኋላ ሽማግሌ ይዘን መጥተን ልንነግርሽ ነበር።”

ይሄ የእኛ ነገር ነው። ለዘመድ መርዶ ስናለሳልስ “ታሟል” ብለን እንጀምራለን፣ “ጠንቶበታል” እንላለን፣ ጎህ ሲቀድ እንነግራለን። እነሱም የአሟሟቱን እውነት በዚያው ሥርዓት ሊያለሳልሱልኝ አሰቡ። ያለሰለሱት እውነት ግን ስለት ሆኖ ነበር የገባብኝ።

“ቀለበቱስ?” አልኩ። ድምፄ አሁንም አልለሰለሰም ነበር።

“እኔን ያመጣኝ እሱ ነው” አለች የሺ። “ሰኞ ከቀብር ተመልሼ ማልያውን ሳጥብ ጠንካራ ነገር ዳበስኩ። ገልብጪው።”

ማልያውን ገለበጥኩት። በደረቱ በግራ በኩል፣ ከውስጥ፣ የአውራ ጣት የምታክል ኪስ ተሰፍታለች። አፏ በትንሽ ቁልፍ ተቆልፏል። ከፈትኳት። ቀለበቱ።

“ጣት ይሰብራል፣ ሰውም ይቧጭራል እየተባለ ቀለበት አድርጎ መጫወት ክልክል ነው” አለ ወርቁ ቀስ ብሎ። “እኛ እናወልቅና ለየሺ እንሰጣለን። ሰይፉ አንድም ቀን ሰጥቷት አያውቅም። የት እንደሚያደርገው አናውቅም ነበር። በዚያ ድንጋጤ ማንም አላስታወሰውም።”

“እኔም አላውቅም ነበር” አለች የሺ። “ትናንት ማታ ለወርቁ ነገርኩት፤ ‘ከአርባው ጋር’ አለኝ። እህቴ፣ እኔም ባል ቀብሬአለሁ። የሌላ ሴት ቀለበት ጓዳዬ አስቀምጬ አርባ ቀን እንዴት ልተኛ?”

ያች የኪሷ ስፌት ቀጥ ያለች ነበረች። እያንዳንዷ ነጥብ እኩል፣ አንዲት እንኳ ያላዘነበለች። ሬዲዮኑን ዘግቶ ነው የሰፋት።

ያኔ ለቅሶዬ መጣ። መኪናዋ ላይ ተደፋሁና ከእሁድ ጀምሮ የታገደው ሁሉ ወጣ። ዘሃራ ከኋላ ያዘችኝ። እትዬ አስካለ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነበር።

ትንሽ ስረጋ አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። “የመጨረሻውን ንገሪኝ። ሳትደብቂ።”

ወርቁ ፈጠን ብሎ “ጎል አስቆጥሮ ነው ጥሩዬ! ምን የመሰለች ጎል...” ሲል የሺ በእጇ አቋረጠችው።

“አላስቆጠረም። አትዋሽ፣ በቃ ውሸቱ። ስቷል። በረኛው ወድቆ፣ ጎሉ ባዶ ሆኖ፣ ኳሷ እግሩ ሥር ሆና ወደ ሰማይ ሰቀላት። እኔ ጀበና ላጥብ ወጥቼ ነበር፤ አየሁት። ሰው ሁሉ ‘ሰይፉ!’ ብሎ ጮኸ። እሱ ራሱን ይዞ ሳቀ። በሳቅ ፈረሰ ነው የምልሽ። ጉልበቱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እየሳቀ ቁጭ አለ። ሁላችንም ከሳቁ ብዛት የተቀመጠ መስሎን አብረን ሳቅን። ከዚያ ጋደም አለ።”

ሰይፉ ሲስቅ እንዴት እንደሚፈርስ ስለማውቅ አየሁት። አየሁት እላለሁ እንጂ፣ አላየሁትም። ያየችው እሷ ናት።

“የተነከረውን ቀሚስ ይስጡኝ እትዬ” አልኩ።

አንባቢዎቼ፣ እንግዲህ “ቅናትሽ በዚያ ቀን ለቀቀሽ” ብላችሁ የምትጠብቁኝ ከሆነ፣ አልለቀቀኝም። መልኩን ነው የቀየረው። ገላውን ማንም እንዳልወሰደብኝ አወቅሁ፤ ቀለበቱ ደረቱ ላይ ሆኖ ነው የሞተው። ነገር ግን አብሬው በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት እሁድ እሁድ ታየዋለች። እኔ የማውቀው ሰይፉ ተቀምጦ የሚሰፋውን ነው። የሚሮጠውን፣ የሚሳሳተውን፣ ባዶ ጎል ስቶ በሳቅ የሚፈርሰውን እሷ ወሰደችው። ለዚህ ሳቅ እስከ ዛሬ እቀናባታለሁ። ለእሷም ነግሬአታለሁ። “እኔ ደግሞ በብርቱካኗ እቀናብሽ ነበር” አለችኝ። ለካ ብርቱካን አራት ቦታ እንደሚከፍል ጓዳዋ ጫማውን ሲያስር ያወራላት ነበር።

ኳስ ስለከለከልኩት አልጸጸትም፤ በልጆቼ እግር ነበር የሚራገጠው። ግን እናንተ ባለትዳሮች፣ የትዳር ጓደኛችሁ የሚወደው ነገር ካለ፣ ባትወዱትም አንድ ቀን ሄዳችሁ ዳር ቁሙና ፊቱን እዩት። ያ ፊት የእናንተም ድርሻ ነው፤ ለማንም አትተዉት። ደግሞ ኀዘንተኛ ቤት የምትሄዱ ሰዎች፣ መርዶን አለስልሱ፤ መልካም ልማድ ነው። የአሟሟቱን ነገር ግን ለባለቤቱ ዕለቱን ንገሩት። ሰው ያልተነገረውን በራሱ ይሞላል፤ እኔ ምን እንደሞላሁበት አይታችኋል።

ሰፈራችን ዛሬ ፈርሷል፤ ሜዳውም ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ማልያው ግን አለኝ።

እትዬ አስካለ ያን ረቡዕ የሺን ሳያናግሩ ነው የሸኟት። ድንኳኑ በተነሳ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የግቢው ሴቶች ሁሉ ቧንቧው ጋ ለውኃ ተሰልፈው ሳሉ፣ ንጹሑን ማልያ ከቤት አውጥተው እንደገና አጠቡት። አራት ቁጥሯን ወደ መንገዱ አዙረው ገመድ ላይ ሰጡትና ዱካ አምጥተው ሥሩ ተቀመጡ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ “የወንድሜ ማልያ ነው። ኳስ ሲጫወት ነው የሞተው። ከእሱ ላይ አውልቃ ያለበሰችው፣ አጥባ ያመጣችልን የሺ ናት፤ የበረኛው ሚስት” ይሉ ነበር። ያልጠየቃቸውንም እየጠሩ ነገሩት። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ብቻቸውን ወጥተው ረፈድ ሲል ተመለሱ። የት እንደሄዱ አልጠየቅኳቸውም። ጫማቸው የሜዳውን አቧራ ለብሷል።

“ሻይዋ ስኳር ይበዛዋል” አሉኝ።

በሚቀጥለውም እሁድ ሄዱ።